ያውቁ ኖሯል? መዓዛው ለሰው፣ መዘዙ ለድመት

ኢሴንሻል ኦይል የሚባለው ከዕፅዋት ተጨምቆ ወይም በእንፋሎት ተነጥሮ የሚወጣ መዓዛማ ዘይት ነው። ቤትዎ ድመት፣ ውሻ ወይም ወፍ ካለ ጠርሙሱን ከመክፈትዎ በፊት እነዚህን ያንብቡ።

• የድመት ጉበት እንደ ሰው ጉበት እንደማይሠራ ያውቁ ኖሯል? በአንዳንድ ኢሴንሻል ኦይሎች ውስጥ የሚገኙትን ፌኖል የተባሉ ኬሚካሎች አርክሶ ለማስወጣት ከሚያገለግሉት ዋና ዋና ኢንዛይሞች አንዱ ድመት ላይ የለም፤ ጂኑ ተበላሽቷል። አንበሳና አቦሸማኔም ይኸው ጉድለት አለባቸው። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከሥጋ በልነታቸው ጋር ያያይዙታል፤ ቅጠል የማይበላ እንስሳ የቅጠል መርዝ ማርከሻ ብዙም አያስፈልገውም።

• ኮዋላ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየበላ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው የጂን ጥናት መርዝ አርካሽ ጂኖቹ ከሌሎች እንስሳት በዝተው እንደሚገኙ አሳይቷል። ድመትና ውሻ ግን ይህ የላቸውም፤ እኛ ለጉንፋን የምንታጠነውን የባሕር ዛፍ ዘይት ቢልሱት ለሃጫቸው ይዝረበረባል፣ ያስታውካሉ፣ ይደክማሉ።

• ቲ ትሪ የተባለውን ዘይት ብዙዎች ለቁንጫና ለቆዳ ቁስል ይቀቡታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2012 በዚህ ያልተበረዘ ዘይት የተጎዱ 337 ውሾችና 106 ድመቶች ተመዝግበዋል። ከ10ሩ ወደ 9 የሚጠጉት ዘይቱ የነካቸው በአደጋ አይደለም፤ ሰው ለበጎ ብሎ ስለተጠቀመበት ነው።

• የመመረዙ ምልክት ወዲያው ላይታይ ይችላል። በቲ ትሪ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥና መፍዘዝ የሚጀምሩት በአብዛኛው ዘይቱ ከነካቸው በኋላ ከ2 እስከ 12 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ እስከ 3 ቀንም ሊቆዩ ይችላሉ።

• ፔኒሮያል የናና ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ የእንስሳት ሕክምና ዘገባ ቁንጫ ለማባረር ዘይቱ የተቀባ ውሻ ጉበቱ ተጎድቶ ሞቷል።

• ለጡንቻ ሕመም በሚቀቡ ቅባቶች ውስጥ የሚገኘው የዊንተርግሪን ዘይት የአስፒሪን ዘመድ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት ከ20 በላይ ከሆኑ የአስፒሪን ፍሬዎች ጋር ይመጣጠናል። ድመት ደግሞ አስፒሪንን ከሰውነቷ የምታስወጣው ከውሻ በጣም ዘግይታ ነው።

• በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመዓዛ መርጫ የሚተፋው ሽታ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ደቃቅ የዘይት ጠብታዎችን ይበትናል፤ ጠብታዎቹ ጸጉር ላይ ያርፋሉ። ድመት ደግሞ ራሷን የምታጸዳው በምላሷ ነው፤ ያሸተተችውን መልሳ ትውጠዋለች።

• ወፍ ያለበት ክፍል ውስጥ መርጫውን ጨርሶ አያብሩ። የወፍ መተንፈሻ አየርን ከሰው በተሻለ ስለሚጠቀም የተበከለውንም በዚያው ልክ ይወስዳል። የብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች መርዛማ ጋዝ እንድታሳውቃቸው ካናሪ ወፍ ይዘው የሚወርዱት ለዚህ ነበር፤ ልማዱ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው።

• «100 ፐርሰንት ንጹሕ» የሚለው ጽሑፍ የደኅንነት ዋስትና አይደለም። ያልተበረዘ ነው ማለት ነው፤ ለትንሽ እንስሳ ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል።

• እንስሳዎ ዘይት ከላሰ እንዲያስታውክ አያድርጉት፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጸጉሩ ላይ ከፈሰሰ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይጠቡት። ወደ እንስሳት ሐኪም ሲሄዱ ጠርሙሱን ይያዙ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቅዎ የዘይቱን ዓይነትና መጠን ነው።