«ሌት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል

በእንግሊዝኛ «ሌት» (ከእኛው ሌሊት ጋር በድምፅ ብቻ ይገናኛል) ማለት ፍቀድ፣ ተው ማለት ነው፤ ቤት ማከራየትም በዚሁ ቃል ይነገራል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1611 ዓ.ም. በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሮሜ ምዕራፍ 1 ቁጥር 13 ላይ፣ መከልከልን ያመለክታል። ሐዋርያው ወደ ሮሜ ሊመጣ ብዙ ጊዜ አስቦ መከልከሉን ሲናገር፣ የዛሬ ልጅ «ተፈቀደለት» ብሎ ይረዳዋል። ስሕተቱ የልጁ አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ አንዱ መተውን፣ ሌላው ማዘግየትን የሚገልጹ ሁለት ግሦች ነበሩ፤ በዘመን ብዛት ድምፃቸው አንድ ሆነ፤ ሁለተኛውም ከአፍ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ዛሬ በብሪታንያ ፓስፖርት ላይ፣ መንገደኛው ያለ ከልካይ እንዲያልፍ በሚጠይቀው ቃል ውስጥ ይገኛል። በባዕድ አገር ልጆች የምታሳድጉ ወላጆች ሆይ፣ ይህን ትርጉም ሲያነቡ የአማርኛውንም መጽሐፍ አጠገባቸው ክፈቱላቸው።