የተደበቀ ጨርቅ አይደርቅም

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በብዙ ቤት ያለ፣ ለጎረቤት ግን የማይነገር ነው፤ ትልቅ ሰው ሌሊት ሽንት ሲያመልጠው ምን ይደረግ?

እዚህ ካኩማ በአንድ ክፍል ተጨናንቀን ስንተኛ ይህን መደበቅ ከባድ ነው። ሆኖም ለመደበቅ ስንል ራሳችንን እንጎዳለን። አንዳንድ አረጋውያን ሌሊቱን ፈርተው በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጡም። ውኃ ሲያንስ እኮ ሽንት ይወፍራል፣ ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ሆድም ይደርቅና ፊኛን ይጫናል። ስለዚህ ቀን በደንብ ይጠጣ፤ ከመኝታ በፊት ባለው ሁለትና ሦስት ሰዓት ይቀነስ። ሻይና ቡና ማታ ይቅር። ከመተኛት በፊት ሽንት ይሸና፤ መጸዳጃው ሩቅ ከሆነ ወይም ጨለማው ካስፈራ ፖፖ ወይም ክዳን ያለው ባልዲ አልጋ አጠገብ ይቀመጥ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሽንት ማምለጥ እርግማን ሳይሆን የሌላ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የስኳር በሽታ፣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን፣ በወንዶች የፕሮስቴት እጢ ማበጥ። በምጥ ብዙ ከተሰቃየች በኋላ ቀንም ሌሊትም ሽንቷ የሚፈስ ሴት ፊስቱላ ሊሆንባት ይችላልና ለክሊኒክ ትናገር፤ ብዙውን ጊዜ በቀዶ ጥገና ይድናል። በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የሃምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ስንቱን ሴት ወደ ቤቷ እንደመለሰ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ትኩሳት፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ወይም ድንገተኛ የእግር መዛል ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ጨርቅ። ያረጀ የጥጥ አንሶላ፣ ፎጣ ወይም ጋቢ ጥሩ ነው። ደራርቦ ማጠፍና ጠርዙን መስፋት ይበቃል። ሦስት ይዘጋጅ፤ አንዱ ሲለበስ፣ አንዱ ገመድ ላይ፣ አንዱ በተጠንቀቅ። ላስቲክ ከፍራሹ በላይ፣ ከአንሶላው በታች ይነጠፍ እንጂ ገላ አይንካ፤ ቆዳ ያልባል፣ ይላጣል። ጠዋት ጨርቁን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁት፤ ከዚያ በሳሙና እጠቡት። ሽንት ያለበት ጨርቅ ላይ በረኪና አታፍስሱ፤ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። አልጋ ሥር የተሰጣ ጨርቅ እርጥበቱ አይለቀውም፤ ይሸታል፣ ቆዳ ያቆስላል። ፀሐይ ላይ ይውጣ። ሰው እንዳያይ ከተፈለገ ስስ ነጠላ ጣል ይደረግበት፤ ፀሐዩ ያልፋል፣ ዓይን አያልፍም።

ዳይፐር። የትልቅ ሰው ዳይፐር ውድ ስለሆነ ለየሌሊቱ የሚችለው ጥቂት ነው። ለጉዞ፣ ለሆስፒታል ቀን ወይም ለጠና ሕመም ቢቀመጥ ይሻላል። ታጥቦ ድጋሚ አይለበስም። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አይጣል፤ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። ተጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያ ይግባ።

ጨርቅም ሆነ ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ገላው በውኃ ይታጠብ፣ ሳይታሸ ይድረቅ፣ ቫዝሊን በስሱ ይቀባ። የቀላ ወይም የቆሰለ ቦታ ካለ ለጤና ሠራተኛ ይታይ።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። እማማን ወይም አባባን በልጆች ፊት አንቆጣቸው፤ «እንደ ሕፃን» አንበላቸው። «ፎጣውን ልቀይርልዎ?» ብሎ ቀስ አድርጎ መጠየቅ ምንም አያስወጣም። ሥራውንም ለአንዲት ልጅ ብቻ አንተውላት። ጨርቅ ስታጥብ አርፍዳ ክፍል ገብታ ደብተሯ ላይ የምታንቀላፋ ተማሪ አስተማሪ ያውቃታል። ወንዶች ልጆችም ውኃ ይቅዱ፣ ይጠቡ። ተራ ከገባን ለማንም አይከብድም።

ሰላም ሰንብቱ።