ባለ ስድስት ጎኑ ጠመንጃ

የጥንት መሣሪያ ሰብሳቢዎች አንድ አሮጌ ጠመንጃ ሲቀርብላቸው አፈሙዙን አተኩረው ይመለከታሉ። ቀዳዳው እንደ ሌሎቹ ክብ መሆኑ ቀርቶ ስድስት ጎን ያለው ከሆነ፣ የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የጆሴፍ ዊትወርዝ ሥራ ሊሆን ይችላልና ልባቸው ይሰቀላል። የዚህ ተፈላጊነት ምስጢር ምንድን ነው? መልሱን ከፊዚክስ እንጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዝ እግረኛ ጦር ይታጠቅ የጀመረው የ1853ቱን ኤንፊልድ ነበር። ባሩዱና ጥይቱ በአፈሙዙ ይጎርሳሉ፤ ቃታው ሲሳብ መዶሻው በውስጧ የሚፈነዳ ቅመም ያለባትን ትንሽ የመዳብ ቆብ ይመታል፤ የቆቧም እሳት ባሩዱን ያቀጣጥላል። የዊትወርዝ ጠመንጃም የሚተኮሰው በዚሁ ዘዴ ነው። ልዩነቱ ያለው በቱቦው ውስጥ ነው።

በ1854 መንግሥት ዊትወርዝን የጠመንጃ መሥሪያ ማሽኖች እንዲነድፍ ጠየቀው። እርሱ ግን ከማሽኑ በፊት «ትክክለኛው ቱቦ የትኛው ነው?» የሚለው በሙከራ እንዲመለስ ፈለገ። ለዚህም በማንቸስተር በሚገኘው ግቢው 500 ያርድ (457 ሜትር) ርዝመት ያለው፣ ከነፋስ የተከለለ የተኩስ መሞከሪያ ተሠራለት።

ረዘም ያለች ቀጭን ጥይት ከክብደቷ አንጻር አየር ብዙም አያዘገያትም፤ ነገር ግን ካልሾረች ትገለበጣለች። እንዝርት ሲሾር ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ሁሉ፣ ጥይትም አቅጣጫዋን የምትጠብቀው በመሾር ነው። በኤንፊልድ ቱቦ ውስጥ ጥይት አንድ ዙር የምትዞረው በ198 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በዊትወርዝ ግን በ51 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጥይቷ በሰከንድ 400 ሜትር ብትወጣ፣ በሰከንድ 780 ጊዜ ያህል ትሾራለች ማለት ነው። ስድስት ጎን ያለው ቱቦ ቅርጿ ከእርሱ ጋር የሚገጥመውን ጥይት አጥብቆ ይዞ ያሾራታል።

በ1857 ሁለቱ ጠመንጃዎች ሲወዳደሩ፣ በ500 ያርድ ርቀት የኤንፊልድ ጥይቶች አማካይ መዛነፍ 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የዊትወርዝ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ።

ሆኖም ጦሩ ዊትወርዝን መደበኛ ትጥቁ አላደረገውም። ዋጋው ውድ ነበር፤ ጠባብ ቱቦውም በባሩድ ጥላሸት ቶሎ ይቆሽሽ ነበር። ይልቁንም ኤንፊልድ ከኋላ እንዲጎርስ ተለውጦ «ስናይደር» ተባለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 በአሮጌ ሜዳ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ የተተኮሰው ይኸው ነው። በጦር ሜዳ ፈጥኖ መጉረስ ከዒላማ ትክክለኛነት በልጦ ተገኘ።

የዊትወርዝ ዝና የናኘው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ነው። ደቡቦች የባሕር እገዳውን ሰብረው ጥቂት አስገብተው ለተመረጡ አነጣጥሮ ተኳሾች ሰጡ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በጎናቸው መነጽር የተገጠመላቸው ነበሩ። የዛሬው ሰብሳቢ በእጅጉ የሚመኘው እነዚህን ነው። ዋጋቸውን የሚያንረው የቱቦው ጥራት ብቻ ሳይሆን፣ «በዚያ ጦርነት ተተኩሶበታል» የሚለው ታሪክ ነው።

ታሪክ ግን እንደ መዛነፍ በሜትር አይለካም። ስለዚህ ሰብሳቢው በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና ማኅተም መመርመር፣ ከሰነድም ጋር ማመሳከር ይገባዋል። ዊትወርዝ ማሽኑን ከመንደፉ በፊት ማስረጃ ጠየቀ፤ ገዢውም ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት እንዲሁ ቢያደርግ የጠመንጃውን እውነተኛ ትምህርት ተረድቷል እንላለን።