በበዓል ቀን መጠጥን መገደብ፦ ተረትና እውነታ ከአዋሽ እስከ ሰመራ

በበዓል ቀናት አልኮል በአደባባይ እንዳይጠጣ፣ መጠጥ ቤቶችም በጊዜ እንዲዘጉ የሚጠይቅ ሐሳብ ሲነሳ ብዙ የሚያከራክረው ሕጉ ራሱ ሳይሆን ሰው ሕጉ ይላል ብሎ የሚያምነው ነው። በጅቡቲ መንገድ ላይ ባሉት የአፋር ከተሞች ይህ ጎልቶ ይታያል። አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ሐዲዱን ተከትላ የተቆረቆረች፣ አፋር፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ አርጎባና ሌሎችም አብረው የሚኖሩባት የመተላለፊያ ከተማ ናት። ሰመራ ደግሞ የክልሉን ርዕሰ ከተማነት ከአሳይታ የተረከበች፣ ከጎረቤቷ ሎጊያ ጋር የተያያዘች ገና ወጣት ከተማ ናት። በከተሞቹ ውስጥ ኢድና አረፋም፣ መስቀልና ፋሲካም ይከበራሉ።

በብዛት የሚሰማው እምነት «አፋር የሙስሊም ክልል ስለሆነ መጠጥ በሕግ የተከለከለ ነው» የሚለው ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ 95 በመቶ ያህሉ ሙስሊም ነበር፤ በእስልምናም አስካሪ መጠጥ ሐራም ነው። ሃይማኖታዊ ክልከላና የመንግሥት ሕግ ግን ለየቅል ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ በር ይከፍታል እንጂ ወንጀልን አይጨምርም። ስለዚህ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢራ በሸጠም ሆነ በጠጣ ሰው ላይ ቅጣት ሊጥል አይችልም። የአማኙን ሕሊና የሚገዛው ሃይማኖቱ ነው፤ የሆቴሉን ባንኮኒ የሚገዛው የንግድ ፈቃዱ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው እምነትም፣ ማለትም መጠጥ ወደ አካባቢው የገባው ከደጋ በመጡ ሰዎችና በሾፌሮች ብቻ ነው የሚለው፣ ሙሉ አይደለም። ከዱም ዘንባባ የሚቀዳውን ፈሳሽ አብላልቶ መጠጣት በአፋር ምድር የቆየ ልማድ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በእንግዳው ላይ መጣል ክርክሩን ከጤናና ከደኅንነት አውጥቶ ወደ ብሔር ስለሚወስደው ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት በ2011 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ይመለከታል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ የቢራ ማስታወቂያንም ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል። በዓል ቀን ላይ መጠጣትን ግን አልከለከለም። ስለ መስቀልም ሆነ ስለ አረፋ የሚለው ነገር የለም። ብዙ ሰው «መጠጥ ታገደ» ብሎ የተረዳው ማስታወቂያው ከስክሪን በመጥፋቱ ይመስላል።

ክልሉ ግን እጁ ታስሮ የተቀመጠ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 5 በፌዴራሉ የወንጀል ሕግ በግልጽ ባልተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ክልሎች ሕግ እንዲያወጡ ይፈቅዳል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ሲዘጉ እንደታየውም፣ መንግሥት የመጠጥ ቤትን በር በአንድ ውሳኔ መዝጋት ይችላል። የሚቀረው ጥያቄ መዝጋቱ ምን ያመጣል የሚለው ነው።

«ክልከላ ሁልጊዜ ይሠራል» የሚሉም «ፈጽሞ አይሠራም» የሚሉም ከማስረጃው ጋር አይስማሙም። አየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ በስቅለት ዕለት መጠጥ ቤቶችን ስትዘጋ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2018 እገዳውን አንስታለች። ታይላንድ በአምስት የቡድሃ በዓላት የነበረውን የሽያጭ እገዳ እ.ኤ.አ. በ2025 አላልታለች። ሕንድ ጥር አጋማሽ ላይ የሚውለውን የሪፐብሊክ ቀንና የጋንዲን ልደት ያለ መጠጥ ታሳልፋለች። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ሽያጭን ባገደችባቸው ሳምንታት ወደ ሆስፒታል የሚመጡ የአደጋ ቁስለኞች በግልጽ ቀንሰዋል፤ የሰዓት እላፊው የራሱ ድርሻ እንደነበረው ግን መታወቅ አለበት። በአንጻሩ መጠጥ በተከለከለባት የሕንድ ጉጃራት ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2022 በሜታኖል የተመረዘ ድብቅ አረቄ ከ40 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ለኢትዮጵያ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ በአገሪቱ የሚጠጣው መጠጥ ብዙው ፋብሪካ አያውቀውም። «ጠላና ጠጅ መጠጥ አይባልም» የሚለው እምነት እገዳውን ገና ሳይጀመር ያፈርሰዋል። ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ፣ ጠጅ ከ7 እስከ 14 በመቶ አልኮል ይይዛል፤ አረቄ 40 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የአረቄ መለኪያም እንዲሁ። የሆቴሉን ባንኮኒ ብቻ የሚዘጋ ደንብ ጠጪውን ወደ ጓሮ ይሰደዋል።

ከሁሉ የከፋው ተረት የሾፌሩ ነው። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ጭነት እጅግ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ ከባድ መኪኖች አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያና ሰመራ ላይ ያድራሉ። በበዓሉ ምሽት «በዚህ ሙቀት ቀዝቃዛ ቢራ ያረካል» ይባላል። በሰመራ በሞቃታማዎቹ ወራት ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አልኮል ደግሞ ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ የሚያዘውን ሆርሞን ስለሚያዳክም ሰውነት የጠጣውን ውሃ በሽንት ያጣዋል። ጥሙ ይመለሳል፤ ሌላ ጠርሙስ ይታዘዛል።

«ጠዋት ቡና ጠጥቶ፣ ፊትን ታጥቦ ይነቃል» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ቡና እንቅልፍን ያባርራል እንጂ አልኮልን ከደም አያወጣም። ጫት ቅሞ ምርቃናውን በመጠጥ የሚሰብረው፣ ጨብሲ የሚወጣው ሾፌር ይበልጥ ይታለላል፤ ጫቱ ስካሩን ስለሚሸፍንበት ከልኩ በላይ ይጠጣል።

ሒሳቡ ይህን ያሳያል። 65 ኪሎ የሚመዝን ወንድ በአራት ሰዓት ውስጥ ሰባት ስምንት ጠርሙስ ቢራ ቢጠጣና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቢያቆም፣ በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 160 ሚሊ ግራም ገደማ አልኮል ይኖራል። ጉበት ከዚህ መጠን በሰዓት የሚቀንሰው 15 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ሾፌሩ ተኝቶ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሞተር ሲያስነሳ 85 ሚሊ ግራም ይቀረዋል፤ በኢትዮጵያ ለአሽከርካሪ የተቀመጠው ገደብ 80 ነው። ራሱ የነቃ ይመስለዋል፤ ረዳቱም አይጠረጥረውም። መጠጥ ቤቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቢዘጋ ኖሮ ይህ ሰው ቀድሞ ያቆም ነበር፤ በከተሞቹ መውጫ ላይ በበዓል ማግስት ንጋት የትንፋሽ ምርመራ ቢኖር ደግሞ ከጓሮ የጠጣውም አያመልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው የአልኮል መቆጣጠሪያ ዕቅድም ሽያጭን መገደብንና ጠጥቶ ማሽከርከርን መቆጣጠርን ጎን ለጎን ያስቀምጣል።