ሕዝብ የሚወደው ሰው ለምን ወንበር አያገኝም? ሦስቱ የምርጫ በሮች፣ ከቦሌ እስከ ሳውዝ ካሮላይና

አሜሪካ የምርጫ ሰሞን ላይ ስትሆን ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ብታዳምጡ፣ ከጎናችሁ ካሉት ጠረጴዛዎች አንዱ ስለ ትራምፕ ማውራቱ አይቀርም። "የራሱ ፓርቲ አለቆች አይፈልጉትም ነበር፤ እንዴት አሸነፈ?" ይላል አንዱ። ሌላው ቀበል አድርጎ "በርኒ ሳንደርስንስ ያ ሁሉ ወጣት እየደገፈው ለምን ጣሉት?" ይላል። ትንሽ ቆይቶ ነገሩ ወደ ቤት ይመጣል፦ "እኛ አገርስ ከነባሩ አመራር ውጭ የመጣ ሰው አራት ኪሎ ሊገባ ይችላል?"

ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰውየው ነው። አንደበቱ ጥሩ ነው፣ ደፋር ነው፣ ሕዝቡ መሮታል እንላለን። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ግማሹ መልስ ብቻ ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ቀሪውን ግማሽ ከውሃ ቧንቧ ያውቀዋል። ዋናው መስመር ላይ የቱንም ያህል ግፊት ቢኖር፣ መሃል ያለው ቫልቭ ከተዘጋ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ አይሞላም። የሕዝብ ስሜት ግፊቱ ነው። የምርጫ ሕግና የፓርቲ ደንብ ደግሞ ቫልቮቹ ናቸው። እነዚህን ቫልቮች በዚህ ጽሑፍ "በሮች" እንላቸዋለን፤ ሦስት ናቸው።

በር አንድ፦ ዕጩውን የሚመርጠው ማነው?

ከአሜሪካ እንጀምር። እስከ እ.ኤ.አ. 1968 ድረስ የፕሬዝዳንት ዕጩ የመምረጡ ሥልጣን በአብዛኛው በፓርቲ አለቆች እጅ ነበር። በዚያ ዓመት ሂዩበርት ሃምፍሪ አንድም ፕራይመሪ (የፓርቲ ውስጥ የሕዝብ ምርጫ) ሳይወዳደሩ የዴሞክራቶች ዕጩ ሆኑ። የቺካጎው ጉባኤ በረብሻ ተናጠ፤ ፓርቲውም ደንቡን ለማሻሻል ተገደደ። ከዚያ በኋላ የዕጩነት ቁልፍ ቀስ በቀስ ወደ ፕራይመሪ መራጮች ዞረ፤ ሪፐብሊካኖችም ተከተሉ።

ዴሞክራቶች ግን በሩን ሙሉ በሙሉ ክፍት አድርገው መተው አስፈራቸው። ከ1984ቱ ምርጫ ጀምሮ "ሱፐር ዴሊጌት" የሚባሉ፣ በሕዝብ ድምፅ የማይታሰሩ የፓርቲ ሹማምንት በጉባኤው ድምፅ እንዲሰጡ አደረጉ። በ2016 ቁጥራቸው ከ700 በላይ ነበር፤ አብዛኞቹም ከሂላሪ ክሊንተን ጎን ቆሙ። የሳንደርስ ደጋፊዎች ቁጣ የመነጨው በከፊል ከዚህ ነው። እርግጥ ነው፣ ሳንደርስ በተራ መራጩም ድምፅ ተበልጠዋል፤ ያገኙት ወደ 43 በመቶ ነበር። ቢሆንም ፓርቲው በ2018 ደንቡን ቀየረ፤ ፉክክር ካለ ሱፐር ዴሊጌቶች በመጀመሪያው ዙር ድምፅ አይሰጡም። ሪፐብሊካኖች በበኩላቸው ይህን የሚያህል መዝጊያ አልነበራቸውም።

ወደ እኛ እንምጣ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው፤ የሚመርጠውም ራሱ ምክር ቤቱ ነው። በተግባር ደግሞ አብላጫ ወንበር ያለው ፓርቲ መሪ ወደዚያ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ ትክክለኛው ፉክክር ያለው ፓርቲው ውስጥ ነው።

2010 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ለዓመታት በዘለቀ የሕዝብ ተቃውሞ መሃል የካቲት 8 ቀን ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አስገቡ። በዚያ ሰሞን በተለይ በኦሮሚያ ስማቸው የገነነው ለማ መገርሳ ነበሩ። የክልሉ ፕሬዝዳንትና የኦሕዴድ ሊቀመንበር ናቸው፤ ሕዝብ ይወዳቸዋል። አንድ ነገር ግን ጎደላቸው፦ የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል አልነበሩም። ያቺ አንዲት የሕግ አንቀጽ በቂ ነበረች። የካቲት 15 ቀን ኦሕዴድ ሊቀመንበርነቱን የምክር ቤት ወንበር ወዳላቸው ወደ ዐቢይ አሕመድ አዛወረ።

ቀጣዩ ደረጃ 180 አባላት ያሉት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነበር፤ ከሕወሓት፣ ከብአዴን፣ ከኦሕዴድና ከደኢሕዴን እኩል 45፣ 45 ሰው። መጋቢት 18 ቀን ዐቢይ 108 ድምፅ አግኝተው ሊቀመንበር ሆኑ፤ መጋቢት 24 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

እስቲ ቁጥሩን እንመርምረው። ሁለት ድርጅቶች አንድም ሰው ሳይጎድል ቢተባበሩ 90 ድምፅ ነው፣ ልክ ግማሽ። 108 ከዚያ በ18 ይበልጣል። ስለዚህ አሸናፊው ቢያንስ ከሦስት ድርጅቶች ድምፅ ማግኘት ነበረበት ማለት ነው። አደባባይ የወጣው ወጣት በሚሊዮን ይቆጠር እንጂ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቆጠረው የምክር ቤቱ አባላት ድምፅ ብቻ ነው። ዐቢይም በድርጅቱ ውስጥ ያደጉ ናቸው እንጂ ከውጭ የመጡ ሰው አልነበሩም። ከውጭ የመጣው ግፊቱ ነበር።

በር ሁለት፦ ድምፅ እንዴት ወንበር ይሆናል?

ዕጩ ሆኖ መቅረብ አንድ ነገር ነው፤ የተሰጠው ድምፅ ወደ ወንበር የሚቀየርበት ቀመር ደግሞ ሌላ። አገራችን የምትጠቀመው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው፤ በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ቦሌ ውስጥ አንድ የምርጫ ክልል 10,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። የገዢው ፓርቲ ዕጩ 4,000 አገኘ። ሦስት ተቃዋሚዎች ደግሞ 2,500፣ 2,000 እና 1,500 ተከፋፈሉ። ከ10,000 ሰው 6,000ው ገዢውን ፓርቲ አልመረጠም፤ ወንበሩ ግን የገዢው ፓርቲ ነው። ይኸው ነገር በአዲስ አበባ 23ቱም የምርጫ ክልሎች ቢደገም፣ 40 በመቶ ድምፅ 100 በመቶ ወንበር ያስገኛል። አሁን ሦስቱ ተቃዋሚዎች አንድ ዕጩ ያቅርቡ፦ 6,000 ለ4,000። አንድም መራጭ ሐሳቡን ሳይቀይር 23ቱም ወንበር ተገለበጠ!

ትራምፕን በ2016 የጠቀማቸው የዚሁ ቀመር ሌላኛው ገጽታ ነው። በሳውዝ ካሮላይና ፕራይመሪ ያገኙት ድምፅ 32.5 በመቶ ነበር። ከሦስት መራጭ ሁለቱ ሌላ ሰው መርጧል ማለት ነው። ማርኮ ሩቢዮና ቴድ ክሩዝ ግን እያንዳንዳቸው 22 በመቶ ገደማ ይዘው ድምፁን ተከፋፈሉት። በግዛቲቱ ደንብ ምክንያት 50ዎቹም ዴሊጌቶች የትራምፕ ሆኑ። ነባሩ አመራር በአንድ ሰው ዙሪያ ለመሰብሰብ ሲንጠራራ ጊዜው አለፈበት።

ይህንን በር አዲስ አበባ በደንብ ታውቀዋለች። በግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ቅንጅት ሆነው ቀረቡ። ክርክሩ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተላለፈ። ሰው ስለ ስሜቱና ስለ ሰልፉ ብዙ ያወራል፤ ድምፁ ለአራት አለመከፋፈሉን ግን ብዙም አያነሳም። ውጤቱ? ቅንጅት የከተማዋን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከ138 የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ወሰደ።

ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። ፓርላማው 547 ወንበር አለው። 23 ለ547 ሲካፈል 4.2 በመቶ ነው። ከቦሌ እስከ ኮልፌ ያለ መራጭ ሁሉ አንድ ላይ ቢቆም እንኳ መንግሥት ለመመሥረት ከሚያስፈልገው 274 ወንበር የሚሞላው አሥራ ሁለተኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ምርጫ በይፋዊው ውጤት ቅንጅት በአገር ደረጃ 109፣ ኢሕአዴግ 327 ወንበር አገኙ።

በ2002 ደግሞ ከ547 ወንበሮች 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ከአዲስ አበባ የተመረጡት የመድረኩ ግርማ ሰይፉ ነበሩ፤ ሁለተኛው በቦንጋ በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። ይህን ሁሉ ለቀመሩ ብቻ መስጠት ልክ አይሆንም። በመሃል ቅንጅት ፈርሷል፣ በ2001 የሲቪል ማኅበራትና የፀረ ሽብር ሕጎች ወጥተዋል፣ ሜዳው ጠቧል። ቀመሩ ያደረገው ልዩነቱን ማጉላት ነው፤ ያለውን ብልጫ ወደ ሙሉ ጥቅለላ ይቀይረዋል።

የግል ዕጩዎችስ? አሉ፣ ግን አልፎ አልፎ። የቀድሞው ፕሬዝዳንት ነጋሶ ጊዳዳ በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው አሸንፈዋል። በ2013 መጀመሪያ ይፋ በተደረገው ውጤት ከ436 ወንበሮች 4ቱ የግል ዕጩዎች፣ 410ሩ የብልጽግና ነበሩ። አካባቢው የሚያውቀው ሰው አንድ ወንበር ያገኛል፤ አንድ ወንበር ይዞ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር አይኮንም።

በር ሦስት፦ ያሸነፈው ወንበሩን ይረከባል?

ይህኛው በር በቀመር አይጻፍም፤ ዋጋው ግን ከሁሉም ይከብዳል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተነሳው ውዝግብ በሰኔና በጥቅምት ማብቂያ በተፈጠረው ሁከት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አጣሪ ኮሚሽን መዝግቧል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ለከንቲባነት የተመረጡት ብርሃኑ ነጋ ከተማዋን ሳይረከቡ እስር ቤት ገቡ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። እኚሁ ሰው በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ ፓርቲያቸው ኢዜማ በ2013ቱ ምርጫ ያገኘው የፓርላማ ወንበር 4 ብቻ ሆኖ ሳለ። ድምፅ ባገኙበት ጊዜ ሥልጣን አላገኙም፤ ሥልጣን ያገኙት ፓርቲያቸው በተሸነፈበት ጊዜ ነው፣ በሹመት። ይህ በር የአፍሪካ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ዋሽንግተን ካፒቶል ላይ የሆነው ነገር ይህንኑ ርክክብ ለማደናቀፍ የተደረገ ነበር።

ታዲያ የቦሌ መራጭ ማንን ነው የሚመርጠው?

ገርጂ፣ ሰሚት ወይም አያት የሚኖር ሰው ሰኔ 14 ቀን 2013 ተሰልፎ የመረጠው ለፓርላማ የአካባቢውን ተወካይ፣ ለከተማው ምክር ቤት ደግሞ አባላቱን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የተወዳደሩት ጅማ ዞን ውስጥ ስለነበር ስማቸው ቦሌ ወረቀት ላይ አልነበረም። ከንቲባም ቢሆን በቀጥታ አይመረጥም፤ አዳነች አቤቤን መስከረም 18 ቀን 2014 የመረጠው የከተማው ምክር ቤት ነው።

በሩ ቦታ ሊቀይር እንደሚችልም አዲስ አበባ አይታለች። በ2010 የከተማዋ ቻርተር ተሻሽሎ ከምክር ቤቱ ውጭ ያለ ሰው መሾም ተቻለ፤ ታከለ ኡማም የምክር ቤት አባል ሳይሆኑ በምክትል ከንቲባ ማዕረግ ከተማዋን መሩ። በዚያው ዓመት ለማ መገርሳን ያስቆመው ዓይነት መስፈርት እዚህ ተነሳ ማለት ነው። ሕግ የሚያሻሽል ሰው በሩንም ያንቀሳቅሳል።

አንድ ሌላም አለ። ከ1987 ጀምሮ የአዲስ አበባ ወንበር 23 ነው። በእነዚያ ዓመታት ግን ሰው በኮንዶሚኒየም ወደ ሰሚት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ሄዷል፤ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ተፈጥሯል። የሕዝብ ብዛት ተንቀሳቅሶ የወንበር ቁጥር ባለበት ሲቆይ የአንዱ ሰው ድምፅ ከሌላው ይቀልላል።

ክፍት ይሻላል ወይስ ዝግ?

እንደ ማንኛውም የምሕንድስና ዲዛይን እዚህም ነጻ ነገር የለም። በሩ በጣም ሲከፈት አንድ ሦስተኛ ደጋፊ ያለው ሰው ሙሉ ፓርቲ ሊይዝ ይችላል፤ ሳውዝ ካሮላይና ያሳየችን ይህን ነው። በጣም ሲዘጋ ደግሞ ግፊቱ አይጠፋም፤ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ከ2010 በፊት በነበሩት ዓመታት ያ መውጫ ጎዳና ነበር፤ ዋጋውም በሰው ሕይወት ተከፍሏል። አዳራሽ ውስጥ የምክር ቤቱ አባላት ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ብዙ ቤተሰብ ሐዘን ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው "ይሄ ሰውዬ ሁሉንም ጠራርጎ ይገባል" ሲላችሁ፣ ስለ ሰውየው ከመከራከራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት። ዕጩ አድርገው የሚያቀርቡት እነማን ናቸው፣ ስንት ሰዎች ናቸው? እሱን የሚመስሉት ድምፁን ለስንት ይከፋፈሉታል? ቢያሸንፍስ ቁልፉን የሚያስረክበው ማነው? ለሦስቱም በስምና በቁጥር መልስ ካገኛችሁ ክርክሩ መሬት ይዟል። ካላገኛችሁ ደግሞ የምታወሩት ስለ ግፊቱ ብቻ ነው፤ ቫልቩን ገና አላያችሁትም።