ጃኬቱ ማንን ያድናል? ስለ ሕይወት አድን ጃኬት አመራረጥና አያያዝ



እኛ የነቀምቴና የመላው ወለጋ ነዋሪዎች ከባሕር ብንርቅም ከውኃ አልራቅንም። እ.ኤ.አ. በ1973 የፊንጫ ግድብ ሲጠናቀቅ የጮመን ረግረግ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆነ፤ ቀድሞ በእግር ይታለፍ የነበረው ምድርም በጀልባ የሚሻገሩት ሆነ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጀልባ ስሻገር የሕይወት አድን ጃኬቶች አየሁ፤ ነገር ግን ተሳፋሪው ተቀምጦባቸው ነበር። ከጎኔ ያለች እናት ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላለች። ያኔ አንድ ጥያቄ አደረብኝ፤ ይህች እናት ጃኬቱን ብትለብሰው ልጇንም ያድንላት ነበርን?

መልሱ የሚገኘው ከጃኬቱ አሠራር ነው። የሰው አካል በውኃ ውስጥ ክብደቱን ከሞላ ጎደል ያጣል፤ ከውኃው በላይ መቆየት ያለበት ግን ጭንቅላት ነው፤ እርሱም ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በጃኬቱ ላይ የሚነበበው 50፣ 100 ወይም 150 የሚል ቁጥር የማንሳፈፍ ኃይሉን በኒውተን ይገልጻል፤ 10 ኒውተን አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። ባለ 50ው ዋና ለሚችልና ረዳት በቅርቡ ላለው ሰው ብቻ ይበቃል። ለጸጥተኛ ሐይቅ ባለ 100፣ ማዕበል ለሚበዛበት ውኃ ደግሞ ባለ 150 ይመረጣል። እነዚህ ኃይላቸው በደረትና በአንገት ዙሪያ ስለሚያመዝን፣ ራሱን የሳተውን እንኳ ፊቱን ወደ ሰማይ ለማንጋለል የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እናትን የሚያንጋልል ጃኬት በጀርባዋ ያለውን ሕፃን ከውኃ በታች ያደርገዋል። ስለዚህ ሕፃኑ ከመሳፈር በፊት ከጀርባ ይውረድ፤ በክብደቱ ልክ የተሠራና በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው የራሱን ጃኬት ይልበስ፤ እናቱም ሳታስረው ትቀፈው። ለእርሱ የሚሆን ጃኬት ከሌለ ጉዞው ቢዘገይ ይሻላል።

የአዋቂም ልክ ይፈተናል፤ ማሰሪያው ሁሉ ከጠበቀ በኋላ ሌላ ሰው ጃኬቱን ከትከሻው ወደ ላይ ይሳበው። አገጭና ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው።

ወደ አያያዙ ስንመጣ፣ ጃኬት መቀመጫ አይደለም፤ ተንሳፋፊው ስፖንጅ በተጨመቀ ቁጥር በውስጡ የያዘውን አየር፣ ከአየሩም ጋር ኃይሉን ያጣል። ከጉዞ በኋላ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይድረቅ። የበረታ ፀሐይ ጨርቁንና ክሩን ያደክማል፤ እሳት ስፖንጁን ያበላሻል። ስፌቱና ማሰሪያው በእጅ ተስቦ ይታይ፤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜም ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ይፈተሽ። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ውኃ የመጠጠ ጃኬት ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ተቆርጦ ይጣል።

ውድ ተማሪዎች፣ ብዙዎቻችሁ ለዕረፍት ስትሄዱ ውኃ ትሻገራላችሁ። ጀልባው ላይ ጃኬት መኖሩን ብቻ አትጠይቁ፤ ጀልባው ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው፣ በጀርባ ያለው ሕፃን ጭምር፣ የራሱን መልበሱን ተመልከቱ።