ብርቱ፣ ግን ጨዋ ሰንጢ

ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የወረደ ሰው ሁለት ዓይነት ስለት ያጋጥመዋል። አንደኛው በአፋር ጎልማሶች ወገብ ላይ ከነአፎቱ የታጠቀ ቆልማማ ጊሌ ነው። በሁለት በኩል የተሳለ ነው፤ ሲሠራም እንዲታይ ተብሎ ነው። ሁለተኛው አይታይም። ከኮምቦልቻ ዕቃ ጭኖ በመጣው የመኪና ረዳት ሱሪ ኪስ፣ በፍየል ነጋዴው ኮት ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ጆንያ ሲከፈት፣ ሲባጎ ሲቆረጥ፣ ብርቱካን ሲላጥ ብቅ ይልና ሥራውን ጨርሶ ይመለሳል። ስለ ጊሌ ብዙ ተጽፏል፤ ፎቶውም ብዙ ተነሥቷል። ስለ ሰንጢ ግን ከፖሊስ ዜና ውጭ የሚያወራ የለም።

የፖሊስ ዜና ደግሞ ስም አጥፊ ነው። «ሰንጢ መዘዘ» ከተባለ ጠብ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ደሴ ፒያሳ ላይ ጨዋ የሚባል ሰው ሰንጢ ቢይዝ እንኳ ጮክ ብሎ አይናገርም። ከከተማ ወጣ ሲሉ ነገሩ ይለወጣል። ወሎ ገደላ ገደል አገር ነው፤ ከብት ይወድቃል። የወደቀው ከብት ነፍሱ ሳትወጣ ካልታረደ በክት ሆነ ማለት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይቀምሰውም። ካራ ከቤት እስኪመጣ መጠበቅ ማለት የቤተሰቡን ትልቅ ሀብት ለአሞራ መተው ነው። እረኛውና ከብት ነጋዴው ስለት ከኪሳቸው የማይለየው ጠብ ፈልገው አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ከባድ ሥራ የሚችል፣ ነገር ግን ኪስ የማይቀድድ፣ ሲከፈትም ጎረቤትን የማያስደነግጥ ሰንጢ ምን ዓይነት ነው? ገበያ ላይ የማየው ምርጫ ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። ገዢው ብርቱ ሰንጢ ሲፈልግ ወፍራሙንና ከባዱን ያነሣል። በእጁ ይመዝነዋል፤ ክብደቱ ደስ ይለዋል፤ ይከፍላል። የታጣፊ ስለት ብርታት ያለው ግን በክብደቱ ሳይሆን በመገጣጠሚያው ነው። ሰንጢ የሚሰበረው፣ የሚላላው፣ ጣት ላይ የሚዘጋው ስለቱና እጀታው በሚገናኙበት በዚያች ጠባብ ቦታ ነው። እሷ ከተስተካከለች ሌላው ሁሉ ሊቀጥን ይችላል።

በዓለም ላይ ዝና ያላቸው ሁለት ሰንጢዎች ይህን ያሳያሉ። ባክ 110 የሚባለው አሜሪካዊ ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1964 ለአዳኞች ተብሎ የወጣ ነው። ስለቱ 9.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የነሐስ ጫፍና የእንጨት እጀታ ስላለው ከ200 ግራም በላይ ይመዝናል። ኪስ ውስጥ ስለሚጎትት ከነቆዳ ማኅደሩ ቀበቶ ላይ ነው የሚታሰረው። ኦፒኔል ደግሞ በፈረንሳይ ሳቮይ ተራሮች ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 የጀመረው የገበሬ ሰንጢ ነው። ቁጥር 8 የሚባለው መጠን ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 45 ግራም ገደማ ነው። በስለት ርዝመት አንድ ሴንቲ ሜትር፣ በክብደት ግን ከአራት እጥፍ በላይ ይለያያሉ። ሥጋ፣ ገመድ፣ እንጨት፣ ፍራፍሬ ቢቀርብላቸው ቀጭኑ ኦፒኔል ብዙ ጊዜ ይቀድማል፤ ምክንያቱም ቀጭን ስለት ይሰነጥቃል፣ ወፍራም ስለት ግን ይገፋል። ጀርባው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ስለት ለኪስ ሥራ ይበቃል። 4 እና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰንጢ ድንች ሲከትፉበት ድንቹን ይፈልጠዋል እንጂ አይቆርጠውም።

መገጣጠሚያው ምን ምን አለው? ስለቱ የሚዞርበት ዘንግ፣ ከግራና ቀኙ ሮንዴላ (ውድ በሆኑት ላይ ትንንሽ ኩሽኔታ)፣ ከዚያም ስለቱ ተከፍቶ እንዲቆም የሚያደርገው ነገር። ልዩነቱ በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። ከቆዩት ዓይነቶች አንዱ ምንም ቁልፍ የለውም፤ በጀርባው በኩል ያለ ጠንካራ ሞላ ብቻ ነው ስለቱን የሚይዘው። እ.ኤ.አ. በ1897 የተመዘገበው ቀዩ የስዊስ መኮንኖች ሰንጢ ትልቁ ስለቱ እንዲህ ነው የሚሠራው። ለወረቀት፣ ለፍራፍሬ፣ ለቢሮ ሰው ጥሩ ነው፤ ወግተው ሲገፉበት ግን ጣት ላይ ይታጠፋል። ባክ 110 ላይ ሞላው ቁልፍም ሆኗል፤ ስለቱ ሲከፈት የጀርባው ዘንግ ጥርሱን ከስለቱ ሥር ይሰካል፤ ለመዝጋት ከኋላ መጫን ያስፈልጋል። ኦፒኔል እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ አንገቱ ላይ የምትዞር የብረት ቀለበት ጨመረ፤ ከዚህ ቀላልና ርካሽ መላ እስካሁን አላየሁም። ዛሬ ሱቅ ላይ የሚበዛው ግን ሌላ ነው። ከእጀታው ውስጥ ያለ ቀጭን ላሜራ ስለቱ ሲከፈት ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ ከሥሩ ይገባል። ደቡብ አፍሪካዊው ክሪስ ሪቭ ይህን ሐሳብ አጠነከረው፤ ላሜራውን ትቶ ግማሹን የቲታኒየም እጀታ ራሱን ቁልፍ አደረገው። እጅ ሲጨብጠው ቁልፉም አብሮ ይጨበጣል። ዋጋው ግን ለእኛ ገበያ የሚሆን አይደለም።

አፍሪካ ውስጥ ከዚህ ሁሉ በፊት የተስፋፋው ኦካፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ጀርመን ውስጥ ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ተብሎ ተሠራ፤ ኋላ ምርቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። ጀርባው ላይ ባለች ቀለበት የሚላቀቅ ባለጥርስ ቁልፍ አለው፤ ሲከፈት ቀጭ ቀጭ ይላል። ድምፁ ሰውን ለማስፈራራት ስለሚመች በደቡብ አፍሪካ ሠፈሮች የዱርዬ ዕቃ የሚል ስም ወጥቶለታል። የሰንጢ ስም እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም የጠፋው።

አሁን ወደ ብረቱ። የደሴና የኮምቦልቻ ቀጥቃጮች ለካራና ለማጭድ የሚፈልጉትን ብረት የሚያገኙት ከጋራዥ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ ስለሚያልፍባት ኮምቦልቻ የተሰበረ የመኪና ባሊስትራ አይቸግራትም። ባሊስትራ ከግማሽ በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ካርቦን ያለው ብረት ነው፤ አግለው ዘይት ውስጥ ሲነክሩት ይጠነክራል፤ እንደገና ለስለስ ባለ እሳት ሲያሞቁት መሰባበሩን ይተዋል። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ግን ካርቦኑ ስለሚያንስ ቢቀጠቀጥም ስለት አይይዝም፤ ርካሽ ካራ በሁለተኛው ቀን የሚዶለዱመው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቁ እጆች ለዘመናት ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የስድቡን ስፋት ያሳያል። ቀጥቃጮቻችን ድንቅ ካራ ሠርተው ሳለ ሰንጢ ያልሠሩት ችሎታ አንሷቸው አይመስለኝም። ሰንጢ የሚፈልገው የመዶሻ ሥራ ሳይሆን የመሰርሰሪያና የመለኪያ ሥራ ነው፤ ዘንጉ በፀጉር ያህል ቢሳሳት ስለቱ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስለዚህ ታጣፊው ከውጭ ይመጣል፤ አብዛኛው ከቻይና ነው፤ እዚያም ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ያለችው ያንግጂያንግ የቢላዋ ከተማ ናት።

የመጣውን ሁሉ አትመኑ። ስለቱ ላይ የአሜሪካ ስም፣ የንስር ሥዕል፣ «የማይዝግ» የሚል ቃል የታተመበት ሰንጢ ብዙ ነው፤ ጽሑፉ ስለ ብረቱ ምንም አይናገርም። ሻጩ ፊት ራሳችሁ ፈትሹ። ስለቱን ከፍታችሁ ጫፉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ግፉት፤ ከተወዛወዘ አስቀምጡት፤ ብሎኑ ይጠብቃል ቢላችሁም፣ ሲጠብቅ ለመክፈት የሚያስቸግር ከሆነ መገጣጠሚያው ከመጀመሪያው ጠማማ ነው። ላሜራ ቁልፍ ካለው ተከፍቶ ሳለ ላሜራው የስለቱን ሥር የት እንደነካ ተመልከቱ፤ ጠርዙን ብቻ ከነካ ሊያመልጥ ይችላል፤ ተሻግሮ ማዶ ከደረሰ ደግሞ ገና በአዲስነቱ አርጅቷል። ቀጥሎ ጣቶቻችሁን ከስለቱ መንገድ አርቃችሁ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ቁልፉ ከተላቀቀ ያንን ሰንጢ በነፃም አትውሰዱት። መጨረሻ ላይ ዝጉትና ጫፉ ከእጀታው እንዳልወጣ በአውራ ጣት ዳብሱ፤ ኪስ የሚቀድደውና ጭን የሚወጋው ይህ ነው። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

አያያዙስ? እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠዋትና ማታ ኮት ይለበሳል፣ ጃኬት ይደረባል፤ ሁለት መቶ ግራም ብረትም ሳይታወቅ ያድራል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው 1,850 ሜትር አካባቢ ያለችው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ኮቱ ይወልቃል፤ የቀረው ስስ ሱሪ ነው። ወደ ባቲና ወደ ከሚሴ በኩል ደግሞ ሽርጥ ያሸረጠ ሰው ጭራሽ ኪስ የለውም፤ ሰንጢው ወገብ ላይ መሻጥ አለበት። ስለዚህ ደሴ ውስጥ ቀላል የሚመስል ሰንጢ ኮምቦልቻ ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ለቆላው ከ100 ግራም በታች ያለ፣ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ማዕዘኑ የከበበ መምረጥ ነው። ስፓይደርኮ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 እጀታው ላይ የኪስ መቆንጠጫ ካወጣ ወዲህ ብዙዎቹ ሰንጢዎች መቆንጠጫ አላቸው። ሰንጢው ኪስ ውስጥ እንዳይንከባለል ይጠቅማል። እኔ ግን ፈትቼ ነው የምይዘው፤ ከኪስ ጠርዝ ላይ የምትታይ ብረት ሌባንም ፈታሽንም ትጠራለች።

ጨዋነት የምለው ይህንንም ይጨምራል። ጥቁር የተቀባ፣ ጥርሳም፣ በሞላ ተወርውሮ የሚከፈት ሰንጢ ብርቱካን ቢላጥበትም ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ኬላና ፍተሻ በበዛበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ለማስረዳት ጊዜ ላይሰጥ ይችላል። የእንጨት ወይም የቀንድ እጀታ ያለው፣ በሁለት እጅ በዝግታ የሚከፈት ሰንጢ የሥራ መሣሪያ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ለሌላ ሰው ሲያቀብሉ አጥፎ ማቀበል ነው። ባንክ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ስታዲየም ሲገቡ ቤት ይቅር። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሳፈር ሰው ሰንጢውን ከሚያስረክበው ሻንጣ ውስጥ ይክተት፤ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ከተገኘ ቀረ ማለት ነው።

ስለ ስለቱ ጥንካሬ የሚሟገቱ ሰዎች አሉ፤ ይበልጥ የጠነከረ ብረት ይበልጥ የተሻለ ይመስላቸዋል። በጣም የጠነከረ ብረት ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል፤ የደነዘ ዕለት ግን ልዩ የመሳያ ድንጋይ ይፈልጋል። እሱ በማይገኝበት ቦታ መካከለኛው ይሻላል። መካከለኛ ብረት በወንዝ ድንጋይም፣ ሲኒ ገልብጠው በታችኛው ያልተለሰነ ክቧ ላይ ቢስሉትም ይሳላል፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ሲኒ የማይገኝበት ቤት የለም። የማይዝገው ብረት ላብና ሎሚ ለሚነካው ሰው ይመቻል። የካርቦን ብረት ቶሎ ይሳላል፣ ነገር ግን ብርቱካን ልጠውበት ሳይጠርጉት ካደረ ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። መገጣጠሚያው ውስጥ ከወጥ ቤት የኑግ ዘይት እንዳትጨምሩ፤ ሲቆይ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ የስፌት መኪና ዘይት አንዲት ጠብታ መለመን ይበቃል።

ከሁሉም ምረጥ ብትሉኝ ለመኪና ረዳትና ለነጋዴ ስለቱ 8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ጀርባው ላይ የሚቆልፍ ወይም ባለ ቀለበት ሰንጢ እመርጣለሁ። ለቢሮ ሠራተኛ ቁልፍ የሌለው ባለ ሞላው ይበቃዋል። እረኛው የካርቦኑን ይውሰድ፤ ሜዳ ላይ ባገኘው ድንጋይ ይስለዋል፤ በግና ፍየል ቢወድቅበትም ይደርስበታል። ካራ በቅርብ እያለ በሬ ለማረድ፣ አጥንት ለመለያየት፣ ሽቦ ለመቁረጥ፣ ብሎን ለመፍታት ግን ሰንጢ አይደለም። ስለቱ ባይሰበር እንኳ ዘንጉ ይላላል፤ አንዴ የላላ ዘንግ ቢጠብቅም መልሶ ይላላል። ለእነዚህ ሥራዎች ካራም ፒንሳም ካቻቪቴም አለ፤ ሦስቱም ሰኞ ገበያ ከሰንጢው አጠገብ ይሸጣሉ።